ዘጋቢ ፊልሙ ታይቶ ካበቃ በኋላ

ማኅበራዊ ችግሮችን የሚመለከቱ ዘጋቢ ፊልሞችን አሳይቶ ተመልካቹን ማወያየት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የሙያ ማኅበራትና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ለግንዛቤ ማስጨበጫ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሴቶች ቀን ወይም የኤድስ ቀን በመጣ ቁጥር አዳራሽ ይዘጋጃል፤ ፊልም ይታያል፤ ጥቂት አስተያየቶች ይሰጣሉ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርትም የተሳታፊዎች ቁጥር በፆታ ተለይቶ ይሰፍራል። ፊልሙ ያነሳው ችግር ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የሚገልጽ ዓምድ ግን በሪፖርት ቅጹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ዘጋቢ ፊልም ያለውን ኃይል ኢትዮጵያ ከራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን ‹‹ያልታወቀው ረሃብ›› የተሰኘ ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ካቀረበ በኋላ ከሕዝብ ከፍተኛ የእርዳታ ገንዘብ ተሰብስቧል። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ የዚያኑ ፊልም ምስሎች ከቤተ መንግሥት ድግስ ትዕይንቶች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው እንዲወርዱ ተደረገ።

በዚያ ምሽት ፊልሙ የቀረበው ለክስ እንጂ ለውይይት አልነበረም። ተመልካቹ የተራበውን ገበሬና የተቀማጠለውን ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን አይቶ እንዲቆጣ ታስቦ ተዘጋጀ፤ ታሰበበትም ግቡን መታ። ዝናብ ሲጠፋ ወረዳው ለማን ያሳውቃል፣ የደረሰውስ መረጃ በማን እጅ ታግዶ ይቀራል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከቁጣው በስተጀርባ ቀሩ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያ ዘመን መቋቋሙ አይካድም፤ በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይም ረሃብ እያንዣበበ መሆኑን ኮሚሽኑ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በከፍተኛ ድምቀት ሲከበር በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ሰው ያልቅ ነበር። ከበዓሉ በኋላ በጥቅምት ወር የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም ያሰራጩት ምስል ዓለምን አስደነገጠ። በፊልም ሥልጣን የያዘው መንግሥት በፊልም ተጋለጠ ማለት ይቻላል።

ከዚህ የተለየ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራው ‹‹ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል›› የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙ በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ የተጎዱ አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከገጠር መንደራቸው እስከ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ድረስ ይከተላል። ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ከኒውዚላንድ የመጡት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ሲሆኑ፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኑሯቸው አዲስ አበባ ነበር። ሆስፒታሉ ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ማዕከላት አሉት።

ፊስቱላ የሚከሰተው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሕፃኑ ጭንቅላት ማኅፀን በር አካባቢ ያለውን ሥጋ ተጭኖ የደም ዝውውሩን ሲያቋርጥ ነው። ሥጋው ይሞታል፤ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ እናቲቱም ሽንቷን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ያቅታታል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። ከዚያ በኋላ ባል ይሄዳል፤ ጎረቤት ይርቃል፤ ብዙዎቹም ‹‹እርግማን ነው›› ተብሎ ከቤተሰቡ ማዕድ ተለይተው ይኖራሉ። ይህን የሚያሳይ ፊልም ሲታይ አዳራሹ በሐዘን ጸጥ ማለቱ አይቀርም። አወያዩ ጥያቄውን ወዴት እንደሚመራ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ውይይቱ በሐዘኔታ ላይ ካቆመ ተሰብሳቢው ለሆስፒታሉ ምስጋና አቅርቦ ይበተናል። ፊልሙ ውስጥ ያለውን መንገድ ወደ ኋላ የሚከተል ውይይት ግን ከሆስፒታሉ ርቆ ይሄዳል። ልጅቷ በስንት ዓመቷ ተዳረች? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648ም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሠርጉ ሲደገስ የቀበሌው ሹም ተጋብዞ ነበርን? ምጧ ሁለተኛ ቀን ሲይዝ ማን ያውቅ ነበር? ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው መኪና የሚሄድበት መንገድ አለን? የወረዳው አምቡላንስስ በዚያ ዕለት የት ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለብዙ ኃላፊዎች የሚመች አይደለም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውጤት አላመጣም አይባልም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድ በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 5 ገደማ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከመቶ አድጓል። ዕድገቱ ፈጣን ነው። የ2011ዱ አሃዝ በሌላ በኩል ሲነበብ ግን ከሁለት እናቶች አንዷ በዚያን ጊዜም ቤቷ ትወልድ እንደነበር ይናገራል።

እንዲህ ላለው ውይይት የሚጠሩት እንግዶች ዝርዝር ከፊልሙ ምርጫ ያላነሰ ክብደት አለው። በልማድ እንደሚታየው የጤናው ፊልም ለጤና ባለሙያ፣ የሴቶች ፊልም ለሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ይታያል። የሚያውቁት ለሚያውቁት ያሳያሉ ማለት ነው። የወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ባለሙያው፣ የቀበሌ አስተዳዳሪውና የሃይማኖት አባቶች በአንድ ወንበር ረድፍ ሲቀመጡ ግን ‹‹ይህ የእኛ ሥራ አይደለም›› የሚለው መልስ በሕዝብ ፊት ለመስጠት ይከብዳል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤች አይ ቪን ለመከላከል በአላባና በያቤሎ የተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይት ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። የአካባቢው ነዋሪዎች በየጊዜው እየተገናኙ፣ ከራሳቸው መካከል በሠለጠኑ አወያዮች እየተመሩ፣ ውርስ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ጭምር አንስተው ተከራከሩ። አንድ ቀን የተነሳ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ‹‹ምን ደረሰ?›› ተብሎ ይጠየቅ ነበር። አንድ ጊዜ ታይቶ የሚጠናቀቅ የፊልም ዝግጅት የሚጎድለው ይኸው ቀጣዩ ስብሰባ ነው። ከሁለት ሰዓት ፊልም ሃያ ደቂቃውን መርጦ በየወሩ እየቆራረጡ ማሳየት ለውይይት ሰፊ ጊዜ ይሰጣል፤ ወጪውም ከአንድ ትልቅ የሆቴል አዳራሽ ዝግጅት የበለጠ አይሆንም።

አወያይነት በቦታው ከፍተኛ ሥልጣን ላለው ሰው መሰጠቱም ሊታሰብበት ይገባል። ኃላፊው መድረኩን ከያዙ አስተያየት ሰጪው በምስጋና ጀምሮ በምስጋና ይጨርሳል። ኃላፊው ከተመልካቹ ጋር ተቀምጠው መጨረሻ ላይ ለተነሱት ጥያቄዎች መልስ ቢሰጡ፣ ያልተመለሰውም በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በስም ቢላክ ይሻላል። በእንግሊዝኛ የተሠራ ፊልም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለገጠር ተመልካች ማቅረብ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ማንበብ የማይችለው ምስሉን ብቻ አይቶ ይወጣል። በአካባቢው ቋንቋ በድምፅ መተርጎም፣ ይህም ካልተቻለ በየመሐሉ አቁሞ በሰው ማስረዳት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዘጋጁ ሊጨርሰው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በፊልም የታየች ሴት ለቀረጻ የሰጠችው ፈቃድ ፊልሙ በተወለደችበት ቀበሌ፣ በቀድሞ ባሏና በልጅነት ጓደኞቿ ፊት እንዲታይ ጭምር መሆኑ ሳይረጋገጥ ፊልሙን እዚያ ማሳየት አይገባም። ድና ተመልሳ ኑሮ የጀመረች ሴት ያለፈ ሕመሟ በአዲስ መልክ የመንደር ወሬ እንዲሆን ላትፈልግ ትችላለች። ፊልሙ በጎረቤት ወረዳ ቢታይ የሚጎድል ትምህርት የለም።