ማን ይጠራል? ብሔራዊ ውትድርና፣ ኮታ እና የነዋሪዎች መዝገብ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የግዴታ ውትድርናን አልከለከለም። አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ከደነገገ በኋላ፣ በንዑስ አንቀጽ 4 ልዩ ሁኔታዎችን ሲዘረዝር ኅሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት እንደ ግዴታ ሥራ እንደማይቆጠር ያመለክታል። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች ብሔራዊ ውትድርና አንድ ቀን ሊመለስ እንደሚችል አስበው ነበር ማለት ነው። ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት እንኳ ባልሞላበት ወቅት ይህ መታሰቡ ያስገርማል።

ጉዳዩ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ዐቅሙ የሚፈቅድለት ዜጋ ሁሉ ወደ መከላከያ ሠራዊት እንዲቀላቀል መንግሥት ጥሪ አቅርቧል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። በውጭው ዓለምም ሊትዌኒያ እና ስዊድን ያቋረጡትን የግዴታ አገልግሎት ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ መልሰዋል። የአገልግሎቱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በፈቃደኝነት ብቻ የሚመለመል ሠራዊት ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያጣውን ወጣት ይሰበስባል፤ የባለሥልጣን እና የባለሀብት ልጅ በቤቱ ይቀራል። ሁሉም በእኩል ቢጠራ ሸክሙም በእኩል ይከፋፈላል፤ የሠራዊቱ ስብጥር የብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ማካተት አለበት የሚለው አንቀጽ 87ም ይሟላል ይላሉ።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ግን በትክክል የሚፈትነው ይህንኑ የእኩልነት ተስፋ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 238/1975 በወረቀት ላይ የእኩልነት ሕግ ነበር። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ዜጎች የ6 ወር ሥልጠና ወስደው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው በተጠባባቂነት እንዲቆዩ ያዝዛል። በአፈጻጸም ጊዜ ግን ጥሪው ወደ ገበሬ ማኅበራትና ወደ ከተማ ቀበሌዎች የወረደው በቁጥር ነበር፤ ይህን ያህል ሰው አምጡ በሚል ኮታ። ኮታ የተሰጠው ሊቀመንበር ደግሞ ለበላዩ የሚጠየቀው በቁጥሩ ነው፤ የምልምሉን ማንነትና ዕድሜ የሚያጣራ አልነበረም። ዘመድ ያለው ልጁን ያሸሻል፣ ገንዘብ ያለው ይደራደራል፤ ጉድለቱ ከገበያ፣ ከመንገድና ከሌሊት እንቅልፍ በተያዙ ወጣቶች ይሞላል። ሕዝቡ ለዚህ አሠራር የሰጠው ስም «አፈሳ» ነው፤ ቃሉ ከአዋጁ ስም ይልቅ በሰው አፍ ላይ ጸንቶ የቀረውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ውጤቱም ይታወቃል። በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ሠራዊት ከአፍአበት እስከ እንዳሥላሴ በተከታታይ ተሸነፈ፤ በግንቦት 1981 ዓ.ም. የራሱ ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በ1983 ዓ.ም. ሲበተን መልሶ ለማቋቋም የተመዘገቡት የቀድሞ ሠራዊት አባላት ከ450 ሺህ በላይ ነበሩ። ሽንፈቱ ብዙ መንስኤዎች አሉት፤ ሁሉንም በአፈሳ ማሳበብ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ተገዶ የመጣ ወታደር በመጀመሪያው ምቹ አጋጣሚ የሚከዳ መሆኑ ከመንስኤዎቹ መካከል ሊዘነጋ አይገባም።

ኮታ ለምን አስፈለገ? ቀዳሚው ምክንያት መንግሥት ዜጎቹን በስምና በዕድሜ የሚያውቅበት መዝገብ ስላልነበረው ነው። ስዊድን ተመልማዮቿን የምትጠራው ከነዋሪዎች መዝገብ ሲሆን የዚህ መዝገብ ሥር ቢያንስ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ምዝገባ ይዘልቃል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ክፍተቱ ምን እንደሚመስል ለማየት በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ዓለም ባንክ አካባቢ በኪራይ የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ ማሰብ በቂ ነው። ከገጠር ሲመጣ መሸኛ አላወጣም፤ አከራዩም ስሙን በወረዳው አላስመዘገቡለትም። በሕጋዊ ጥሪ ጊዜ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው አይደለም። በአፈሳ ጊዜ ግን ሥራ ፍለጋ ጎህ ሲቀድ አደባባይ ስለሚቆም መጀመሪያ የሚያዘው እርሱ ነው። በአንጻሩ በግቢው ውስጥ የሚኖረው የአከራዩ ልጅ በመዝገብ ላይ ይገኛል፤ ይግባኝ የሚልበት መንገድና የሚያውቀው ሰውም አለው። መዝገቡ ጎደሎ በሆነበት አገር የግዴታ አገልግሎት ሸክሙን የሚጥለው የፈቃደኝነቱ ሥርዓት በሚጥልበት በዚያው ትከሻ ላይ ነው፤ ልዩነቱ የወጣቱ ፈቃድ መቅረቱ ብቻ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል ከተሞች ለመከላከያ ምልመላ በሚል ያለ ፈቃዳቸው የተያዙ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ እንደነበሩ አስታውቋል። የግዴታ አገልግሎት ሕግ በሌለበት ይህ ከሆነ፣ ሕጉ ቢኖር ለአፋሹ ሽፋን እንደሚሆነው መገመት አያስቸግርም።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ክፍተቱን ሊሞላ ይችላል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። በቴክኒክ ረገድ ትክክል ነው። ነገር ግን ለባንክና ለአገልግሎት ብሎ አሻራውን የሰጠ ወጣት መዝገቡ ለምልመላ እንደሚውል ቢሰማ መመዝገቡን ይሸሻል፤ በዚህም መዝገቡ ራሱ ይበላሻል።

የጊዜ ገደቡም ሊታሰብበት ይገባል። በጥንቱ የክተት ልማድ ዘማቹ ዘመቻው ሲያበቃ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። የኤርትራ ሕግም አገልግሎቱን በ18 ወር ወስኖ ነበር፤ ከ1990ው ጦርነት በኋላ ግን ማብቂያው ጠፋ፤ ትውልድም ተሰደደ።

እነዚህ ምክንያቶች ብሔራዊ ውትድርና አሁን መመለስ እንደሌለበት ያሳያሉ። ወደፊት ረቂቅ ሕግ ቢቀርብ ምክር ቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ወታደር እንደሚያስፈልግ ሳይሆን፣ ያለ አግባብ የተያዘ ወጣት በስንት ቀን ውስጥ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ ያለ ዕድሜው ሕፃን ይዞ ያስረከበ የቀበሌ ሹም በምን እንደሚቀጣ፣ ኅሊናው ያልፈቀደለትም ማመልከቻውን ለማን እንደሚያስገባ ነው።