ከእንቅልፍ ኪኒን በፊት

የእንቅልፍ ሕመም አንድ ሕመም አይደለም። እስከ ንጋት ሲገላበጥ የሚያድር፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ቀን ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ፣ ጋደም ባለ ቁጥር እግሩ አላስቀምጥ የሚለው፣ ዐይኑን ገልጦ እጁን ማንሳት የሚያቅተው፤ አራቱም ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚሉት «እንቅልፌ ልክ አይደለም» ነው። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ አራቱም ያንኑ የእንቅልፍ ኪኒን ይዘው መውጣታቸው ነው።

ጤናማ እንቅልፍ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ነው። አንዱ አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ሌላው በብርሃንና በጨለማ የሚስተካከለው የሰውነት ሰዓት ነው። ቡና የሚያነቃው የአዴኖሲንን ማረፊያ ቀድሞ ስለሚይዝ ነው። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣው ቡና ግማሹ ማታ 4 ሰዓትም ገና ሰውነት ውስጥ አለ። የሌሊት ተረኛ ነርሶችና የጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ የሚቸገሩት የሰውነት ሰዓታቸው «ንቃ» በሚልበት ጠዋት ለመተኛት ስለሚገደዱ ነው።

እንቅልፍ ማጣት እንደ ሕመም የሚቆጠረው፣ ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ እያለ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ያህል ሲዘልቅና የቀን ውሎን ሲያውክ ነው። መነሻው ሐዘን፣ ወሊድ፣ ከሥራ መፈናቀል ሊሆን ይችላል። መነሻው ካለፈ በኋላ ሕመሙን የሚያቆየው ግን ብዙውን ጊዜ ሰውየው የጎደለውን እንቅልፍ ለማካካስ የሚያደርገው ጥረት ነው፦ በጊዜ አልጋ ላይ መውጣት፣ ቀን ማሸለብ፣ ሌሊት ሰዓት እያዩ መቁጠር። እንዲህ ሲከርም አልጋውና ጭንቀቱ ይቆራኛሉ። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው ራሱን ትራስ ላይ ባሳረፈ ጊዜ ዐይኑ ይፈጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የመጀመሪያው ሕክምና ኪኒን አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁሉ በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ መፈጸሙ ግን ብርታት ይጠይቃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልጋ ላይ የሚቆይ፣ ነገር ግን አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚተኛ ሰው እንውሰድ። ሕክምናው «ቶሎ ተኛ» አይለውም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት አልጋ ላይ እንዳይወጣ፣ ቢተኛም ባይተኛም ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲነሣ ያደርገዋል። አልጋ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ካልመጣ ይነሣል፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ይሠራል፣ እንቅልፍ ሲከብደው ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። አልጋ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ 85 በመቶውን መተኛት ሲጀምር በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። የሚጥል ሕመም ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ሾፌር ይህን ያለ ሐኪም ክትትል መሞከር የለበትም።

ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለጥቂት ቀናት ይረዱ ይሆናል። ሲዘወተሩ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ መጠናቸው ይጨምራል፣ አረጋውያንን ሌሊት ለመጸዳጃ ሲነሡ ይጥላሉ። ለረዥም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ስለሚችል፣ የሚቋረጡት ቀስ በቀስ በሐኪም ምክር ነው።

ኪኒኑ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው ነው። ይህን ሕመም የሚያየው ታማሚው ሳይሆን አጠገቡ የተኛው ነው። ባል እያንኮራፋ ሳለ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። ሚስት «ምን ሆነ?» ብላ ቀና ስትል፣ በሲቃ ተንፍሶ ይገላበጥና ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። ጠዋት ሲጠየቅ «ደህና አድሬያለሁ» ይላል፤ አፉ ግን ደርቋል፣ ራሱን ያመዋል። የሚሆነው ይህ ነው፦ የጉሮሮ ጡንቻ በእንቅልፍ ይላላል፣ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፣ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ትንፋሽ ይቋረጣል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ያነቃዋል። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙ ከባድ ይባላል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ ደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክ፣ መሪ ላይ እንቅልፍ መውሰድ አብረውት ይመጣሉ። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል የላላውን ጉሮሮ ይብሱን ያላሉታል።

ማንኮራፋት በሀገራችን የድካም ወይም የጥጋብ ምልክት ተደርጎ በሳቅ ይታለፋል፤ ሊታለፍ አይገባም። መፍትሔ አለው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው መሣሪያ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ እስከ ዛሬም ዋናው ሕክምና እሱ ነው። ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ይረዳሉ። በሚያንኮራፉ ሕፃናት ዘንድ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያበጠ ቶንሲል ነው። መሣሪያም ሆነ ምርመራ በቅርብ በሌለበት፣ የትዳር ጓደኛ በስልክ የቀረጸችው የአንድ ሌሊት ድምፅ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ይሰጠዋል።

እግሩ አላስቀምጥ የሚለው ሰው ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። ምሽት ላይ፣ ዕረፍት ሲያደርግ ይጀምረዋል፤ ሲራመድ ይተወዋል። በእርግዝና ወቅትና በኩላሊት ሕመም ይበዛል፤ ከአይረን እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። የሂሞግሎቢን ውጤት ደህና ሆኖ የተከማቸው አይረን ሊያንስ ስለሚችል ፌሪቲን መለካት ያስፈልጋል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ ማራቅ ይገባል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ይህን ሕመም ሊያባብሰው ይችላል።

ዐይን ተገልጦ እጅ ማንሳት የሚያቅትበት ዱካክ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያስፈራል፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ሰው በሚያልምበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራል፤ ይህም ሕልሙን በአካል እንዳይፈጽመው ይጠብቀዋል። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ማሰሪያው ሳይፈታ ሲቀር ሰውየው ክፍሉን ያያል፣ መጮኽ አይችልም፣ ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ይሰማዋል፤ የሕልሙ ቅሪትም ጥላ ሆኖ ይታየዋል። ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ ማነስ፣ የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ያመጡታል። የተቸገረ ሰው ጸሎቱን አይተው፣ የመኝታ ሰዓቱንም ያስተካክል። ዱካኩ ቀን ከሚመጣ ሊቋቋሙት ከማይቻል እንቅልፍና ሲስቁ ጉልበት ከመክዳት ጋር ከተደራረበ ግን ናርኮሌፕሲ ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ማየት ይኖርበታል።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ዱካክን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ምርቃናው እንቅልፍ ያሳጣል፤ እሱን ለመስበር የሚጠጣው አልኮል (ጨብሲ) የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ጫቱ የቆመ ሰሞን ቅዠትና ዱካክ ይበረታሉ፤ ብዙዎችም ከዚህ ለመሸሽ ተመልሰው ይቅማሉ። ቅዠቱ ጫት የማቆም አንድ ምልክት እንደሆነና ከጊዜ ጋር እየቀለለ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው የሚነግራቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።