አቻህን ፈልግ

በመርጡለ ማርያም ያደገ ልጅ ለገና ጨዋታ ቡድን እንዴት እንደሚከፈል ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። አስቀድሞ ሁለት የቡድን አባቶች ይመረጣሉ፤ የቀሩት ልጆች ቁመታቸውንና ጉልበታቸውን እየተያዩ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ጥንዶቹ ዘወር ብለው በምሥጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብር ይሆንና ወደ አባቶቹ ቀርበው «ወርቅ ትሻለህ ብር?» ብለው ይጠይቃሉ። መራጩ የጠራው ስም የማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የደረሰውን ይወስዳል፤ የቀረው ለባላጋራው ይሆናል። በዚህ ሥርዓት ጎረምሳ ከሕፃን ጋር ሊጣመር አይችልም። ልጣመር ቢል ሁሉም ያየዋልና «አቻህን ፈልግ!» ተብሎ ይመለሳል። ፎርም የለበትም፤ ማኅተምም የለበትም፤ ፍትሕ ግን አለበት።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ፎርምና ማኅተም ስላለበት፣ ፍትሕ ግን ስለ ጐደለበት ሌላ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም የተማሪ ቤቶች የስፖርት ውድድር ነው። ልጆቹ የሚመደቡት በዕድሜ ነው፤ «ከ15 ዓመት በታች»፣ «ከ17 ዓመት በታች» እየተባለ። ዕድሜውን የሚጽፈው ግን ማን ነው? ለማሸነፍ የሚጓጓው የልጁ ተማሪ ቤት ራሱ ነው።

ሌላውን ከመክሰሴ በፊት የራሴን ልናገር። በ2011 ዓ.ም. እኔና ያክስቴ ልጅ የ14 ዓመት ልጆች ሳለን በ1500 ሜትር ሩጫ ከ15 ዓመት በታች ተሰልፈን ነበር። በመነሻው መሥመር ላይ ከአጠገባችን የቆመው ሯጭ ጢሙን ለዕለቱ የተላጨ ሰው ነበር። ወደሚቀጥለው ውድድር የሚያልፉት ሦስት ናቸው፤ ያክስቴ ልጅ አራተኛ ወጣ። በዓመቱ «ና እንሩጥ» ብለው «እኔ ካባቶች ጋር አልሮጥም» አለኝ። ከእኔ ይልቅ ፈጣኑ እሱ ነበር፤ ዳግመኛ ግን አልሮጠም።

በ2012 ዓ.ም. 15 ዓመት ሞላኝ። ፎርሙን የሚሞላው መምህር ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ቀና ብሎ አየኝና «13 እንበለው» አለ። እኔም ዝም አልሁ። ሮጥሁ፤ አንደኛ ወጣሁ፤ ቱታም ተሸለምሁ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም ነበር። ሣሩ ላይ ተዘርሮ ካለከለከ በኋላ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አንተም ደከመህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በወረቀቱ ላይ እኩዮች ነበርን፤ በአፉ ግን ጋሼ ብሎ ጠራኝ። ቱታውን ሁለት ዓመት ለበስሁት፤ ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ ለብሻት አለሁ።

«ዕድሜ በትክክል አይታወቅም» የሚለው ምክንያት ግማሽ እውነት አለው። እናቴ የኔን ልደት የምትቆጥረው በ1997ቱ ምርጫ ነው፤ ከምርጫው በፊት በነበረው ዐቢይ ጾም ወለድሁህ ትላለች። ክርስትና የተነሣሁበትን ዐርባኛ ቀን የሚያስታውስ ዘመድ ሞልቷል፤ የጻፈው ግን የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ የልደት ወረቀት ቢይዝ እንኳ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የተሰጠው ካደገ በኋላ በቃል ምስክርነት ነው።

በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ይጨመራል። በዓለም አቀፍ አትሌቲክስ ከ20 ዓመት በታች ለሚባለው ውድድር ዕድሜ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ዲሴምበር 31 ቀን ነው። ሁለት ልጆች አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በጥር 1997 ዓ.ም. ቢወለዱ በእኛ ዘንድ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ በዚያ ሒሳብ ግን አንዱ የ2004፣ ሌላው የ2005 ልጅ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ያለ ክፋት ሊሳሳት ይችላል፤ የሚያውቅ ደግሞ ስሕተቱን መሸሸጊያ ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን የኔ 15 ወደ 13 የወረደው በአቆጣጠር ስሕተት አልነበረም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በሲድኒ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2000 የቻይና ሴቶች የጂምናስቲክስ ቡድን የነሐስ ሜዳልያ አግኝቶ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ አንዲቱ ልጅ ለተፈቀደው 16 ዓመት ያልደረሰች እንደ ነበረች ተረጋግጦ ሜዳልያው ተነጠቀ። ልብ በሉ፤ በጂምናስቲክስ ቀላልና ተጣጣፊ ሰውነት ስለሚጠቅም ዕድሜ ይጨመራል፤ በሩጫና በእግር ኳስ ጉልበት ስለሚጠቅም ዕድሜ ይቀነሳል። በአሜሪካም የልጆች ጂምናስቲክስ 10 እርከኖች አሉት፤ ልጂቱ መቼ ከፍ እንደምትል የሚወስነው ባመዛኙ አሠልጣኝዋ ነው። ሜዳልያ የሚወድ አሠልጣኝ ችሎታዋ ያለፈውን እርከን እንዳትለቅ ሊያደርጋት ይችላል፤ በዚያ ላይ ምንም የተዋሸ ቁጥር የለም። እንግዲህ በሽታው ከቁጥሩ አይደለም፤ መዳቢው ራሱ ተጠቃሚ መሆኑ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ለድኻ ልጅ ሩጫ ብቸኛ መሰላሉ ነው፤ ሁለት ዓመት ቢቀነስለት ማን ተጐዳ?» ይሉኛል። የተጐዳውማ ሌላው የድኻ ልጅ ነው። ከመሰላሉ የተገፈተረው የባለጠጋ ልጅ ሳይሆን ያክስቴ ልጅ ነው። የተቀነሰለትም ቢሆን አይጠቀምም፤ ከታናናሾቹ ጋር ማሸነፍን ይለምድና እኩዮቹን በተገናኘ ጊዜ ይሰበራል። እኔም አቻዎቼን ባገኘሁ ጊዜ ስምንተኛ ወጥቼ ሩጫን ተውሁ።

መድኀኒቱስ ምንድር ነው? የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ወንዶች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤም አር አይ መመርመር ይዟል። ለወረዳ ውድድር ግን ይህን መሣሪያ እንጠብቅ ማለት ዝናብን በወንፊት እንቀበል ማለት ነው። በክፍል እንመድብ የሚለውም አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት አያሌ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታት አልፈዋቸዋል፤ የ17 ዓመት ልጅ ሰባተኛ ክፍል ቢገኝ አይገርምም፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ይህን ልጅ አናባርረው፤ ከ13 ዓመት ልጅ ጋርም አናሰልፈው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለውይይት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ምደባው ከባለጉዳዩ እጅ ይውጣ፤ ከውድድሩ በፊት ልጆቹ ሜዳ ላይ ተሰልፈው የአንዱን ተማሪ ቤት ልጆች የሌላው ተማሪ ቤት መምህራን ይዩዋቸው፤ ያልተመጣጠነ ካለ «አቻህን ፈልግ» ተብሎ ወደ ላይኛው እርከን ይዛወር። ሁለተኛ፣ በአንድ እርከን አንደኛ የወጣ ልጅ በዚያው እርከን ዳግመኛ አይወዳደር። ሦስተኛ፣ ዕድሜ ተቀንሶ ቢገኝ ልጁ ሳይሆን ፎርሙን የፈረመው ትልቅ ሰው ይጠየቅ። አራተኛ፣ በታናናሾቹ እርከን የተማሪ ቤቶች የሜዳልያ ቆጠራ ይቅር፤ ለመዋሸት የሚያጓጓው ዋንጫ ነውና።

በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ መምህራኑ ሊሻረኩ ይችላሉ የሚል አይጠፋም። ቢሻረኩም በሕዝብ ፊት፣ በልጆቹም ፊት ነው። ማኅተም በጓዳ ይመታል፤ ጢም ግን በሜዳ ላይ ይታያል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን ሆነን በየወረዳው እንበተናለን። አንድ ቀን ፎርሙ በፊታችን ይቀመጣል፤ ልጁም ዕድሜውን ይነግረናል። በዚያች ቅጽበት የነገረንን ቁጥር እንዳለ መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቀና ብለን ልጁን ከማየታችን በፊት ግን፣ ከወዲያ ማዶ ባለው ተማሪ ቤት ጫማውን በእጁ ይዞ ለዚያው ሩጫ የሚዘጋጀውን ታናሹን ልጅ እናስብ።