«አባባ፣ ቁጭ ይበሉ!»

ደብረ ብርሃን ላይ ወላጁን ከገጠር አምጥቶ የሚጦር ልጅ በሰፈሩ የተመሰገነ ነው። ምስጋናው ይገባዋል፤ እኔ የምጣላው ከአጧጧሩ ጋር ነው። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንድ አባት አውቃለሁ። እዚያ ሳሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በከዘራቸው ይወጡታል፤ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ከዐውድማው ዳር አይጠፉም፤ በቅሎዋን ወንዝ አውርደው የሚያጠጡትም እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ቤት ሶፋው ላይ አጎዛ ተነጠፈላቸው። ውሃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ! እኔ አለሁ አይደል?» ትላለች። የእጅ መታጠቢያው ያሉበት ድረስ ይመጣል። ከዘራቸው ሰው እንዳያደናቅፍ ተብሎ በር ኋላ ቆሟል፤ ቅዳሴውም በቴሌቪዥን ሆኗል። በጥር የመጡ ሰው ፋሲካ ሲደርስ ከሶፋው ለመነሳት ደጋፊ ፈለጉ። ቤተሰቡም «እርጅና ተጫናቸው» አለ።

የተጫናቸው እርጅና ብቻ አይመስለኝም። የእግር ሥጋ ካልሠራ ይከሳል፤ በሽማግሌ ላይ ደግሞ ፈጥኖ ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ የሆኑ 12 አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ አጡ። ሌላው ጥናት ደግሞ ከዚህ የባሰ ያሳፍረናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ አሥር ፈቃደኞች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ሳያቋርጡ የጨረሱት የዘጠኙ የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ያለ ከዘራ መሄድ ጀመሩ። በ90 ዓመቱ የሚበረታ እግር እያለ እኛ የ70 ዓመቱን ሰው ከሶፋ ጋር እናጋባዋለን፤ ይህንንም ክብር እንለዋለን።

ነገሩ ሽማግሌው ላይ አይጀምርም። እኛ ዘንድ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ይቀመጣል። አለቃ ሲሆን ወረቀቱን ሌላ ያመጣለታል፤ ትንሽ ገንዘብ ሲይዝ ከጠባሴ ሰፈር በእግሩ የሚደርስበትን ቦታ በባጃጅ ይሄዳል፤ ቦርጭ ሲያወጣ «ተመችቶታል» ተብሎ ይመሰገናል። ስለ እርጅናው ሲያስብም የሚያስበው በ60 ዓመቱ ስለሚወጣው ጡረታ፣ ስለ ቤትና ስለ ልጆቹ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ደግ ነው፤ ግን የአርባ ዓመት ጎልማሳ ምርቃቱን እንደ ዋስትና ይዞት ተቀምጧል። ልጅ ያጎርሳል እንጂ ለአባቱ ዳገት አይወጣለትም። የጉልበቱን ነገር በአርባው ያላሰበ በሰባው የሚያስበው ሲወድቅ ነው። የዳሌ አጥንት ስብራት ከደረሰ ደግሞ ብዙ ሽማግሌ ወደ ቀድሞ አካሄዱ አይመለስም።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው የማያውቅ የለም። በዚህ ሰበብ የማለዳ እርምጃ ይቀራል፤ ማታ መለኪያ ይነሳል። «አረቄ ለብርድ መድኃኒት ነው» የሚለውን ከአስተማሪም፣ ከሹፌርም፣ ከጤና ባለሙያም ሰምቻለሁ። የጤና ባለሙያው እንኳ ማፈር ነበረበት። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ሲሮጥ ሰውየው ሞቀኝ ይላል፤ የውስጥ አካሉ ግን ሙቀቱን በቆዳው በኩል ለአየሩ እየሰጠ ይቀዘቅዛል። ጠጥቶ በሌሊት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በላይ ለብርድ የተጋለጠው እሱ ነው። በዚህ ላይ በየማታው የተደጋገመ መለኪያ ደም ግፊትን ያሳድጋል፤ ደም ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ለዓመታት ይቀመጥና አንድ ቀን ግማሽ አካልን ይዞ ይነሳል። ለብርድ ከሆነ ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ መንዝም ባናውን አላጣም።

«አያቶቻችን ቅቤ እየጠጡ፣ ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ መቶ ዓመት ኖረዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። መቶ የኖረው ይወራለታል፤ በአምሳው የሞተው አይወራለትም። የኖረውም ቢሆን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ቁልቁል ወርዶ፣ ሸቀጡን ይዞ ዳገቱን የሚመለስ ሰው ነበር። ቅቤውን ወርሰን ዳገቱን ትተን በአያት መማል ደስ አይልም። ቆሎና በሶም ከእንግዳ ፊት እየተነሱ ነጭ ዳቦና ለስላሳ እየቀረበ ነው፤ በገብስ አገር!

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር «ራስህን ጠብቅ» ወደሚል ምክር ማውረድም አልወድም። ማለዳ ሩጥ፣ ጨው ቀንስ የሚሉ መካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ደመወዝ ላለው ወንድ ነው። በደጋው እንጨት ጠፍቶ የሚነደው ኩበት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ምጣድ ሥር ጎንበስ ብላ የኩበት ጭስ የማገች ሴት በስልሳ ዓመቷ ሳሉ ሲጠናባትና ዓይኗ ሲፈዝ «ጥሩ ልማድ አላዳበረችም» ይባላል? መቼም እንቅስቃሴ አልጎደላትም፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ገብስ ስትሸክሽክ ነው የኖረችው። የጎደላት ጭስ ማውጫ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማድ ቤት ከመኝታ ይለይ፣ ጭስ መውጫ ይኑረው የሚለው ትምህርትም በየቀበሌው ሲሰጥ ኖሯል። ጣሪያውን ቀዶ ጭስ ማውጫ የሚያቆም፣ የተሻሻለ ምድጃ ገዝቶ የሚያመጣ የወንድ እጅ ግን በስንት ቤት ተገኘ? ያ ተመስጋኝ ልጅ ለአባቱ ሶፋ የገዛበት ገንዘብ ከምድጃ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፤ እናቱ ደግሞ አሁንም በበዓል ስትመጣ «የእማማ እንጀራ ይለያል» እየተባለች ወደ ማድ ቤት ትላካለች። ቁጭ ይበሉ የሚላት የለም፤ ከጭሱ ይውጡ የሚላትም የለም።