ደጃፍ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ



ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የኮሌጅ ወሬ ነግሷል። የመጨረሻው ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው፤ ኮሌጅ ለመጎብኘት ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው። «ፎቶ ስትልክ ተጠንቀቅ!» ብለው ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል! ጉዱን ያየሁት በእህቱ ጊዜ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ጸደይ ነው። ልጄ ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ ኮሌጅ ልትጎበኝ ሌላ ስቴት ሄደች። ከሰዓት በኋላ ፎቶግራፏ ደረሰኝ። ትልቅ የድንጋይ በር ሥር ቆማ ትስቃለች፤ ከግርጌዋ የኮሌጁ ስም ባማሩ ፊደላት ተጽፏል፤ ዳር ዳሩ ላይ አበባ ተስሏል። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ አዲስ አበባ ላሉት ታላቅ እህቴ በቫይበር ላክሁላቸው።

በማግስቱ እትዬ ደወሉ። «እንኳን ደስ ያለህ! ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርቻለሁ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ለጉብኝት ነው የሄደችው፤ ገና አልገባችም።»

«ታዲያ የኮሌጁ ስም ፎቶው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ልጄ ስትመለስ አስረዳችኝ። ስናፕቻት የተባለው የስልክ ፕሮግራም በ2014 ያመጣው ዘዴ ነው። ካርታ ላይ እንደ አጥር ክልል ይሰመራል። በዚያ ክልል ውስጥ ሆኖ ፎቶ ያነሳ ሰው ለቦታው የተዘጋጀው ጽሑፍና ሥዕል ይመጣለታል፤ ከአጥሩ ውጪ ያለው ግን አያገኘውም። ለዚህም ስልኩ ያለችበትን ቦታ እንዲያውቅ መፍቀድ አለባት። «የት ነው ያለኸው?» ሲባል እየደነገጠ ለኖረ ለኔ ትውልድ ይህ ራሱ ጉድ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ግቢና ለመሳሰለው ሥዕል ነድፎ በነጻ ማቅረብ ይቻል ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ከ5 ዶላር ጀምሮ እየከፈሉ፣ ለፈለጉት ቦታና ሰዓት የራስን ማሠራት ተቻለ። ኮሌጆችም ለጉብኝት ቀን፣ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበልና ለምረቃ ተጠቀሙበት። አይፈረድባቸውም። ወጣቱ የኮሌጅ ማስታወቂያ ቢደርሰው ሳያየው ያልፋል፤ ጓደኛው የላከችለትን ፎቶ ግን ያያል። ማስታወቂያውን ተሸክማ የዞረችው ልጄ ናት፤ ያውም ያለ ደመወዝ!

ልቆጣ አሰብኩና የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በ1990 ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ፣ የደንበኛ ቀይ መርሴዲስ ተደግፌ ፎቶ ተነሳሁ። ከበስተኋላዬ አንድም ቀን ያልገባሁበት ሕንጻ ይታያል። ፎቶውን አገር ቤት ላክሁ። መኪናው የኔ ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ከዚያ ወዲያ የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ የገንዘብ ጥያቄ ነበር። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ፎቶ ያልላከ ካለ እጁን ያውጣ።

ፎቶ የት እንደቆምክ ይናገራል፤ መግባትህንና በምን እንደምትከፍል ግን አይናገርም። እዚህ አገር የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ የሚያስተናግድ ኮሌጅ ሁሉ፣ ዕርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቡ በግምት ስንት እንደሚከፍል የሚያሰላ መሣሪያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ከ2011 ጀምሮ በሕግ ተገዷል። የቤተሰብን ገቢ ሞልቶ ውጤቱን ለማየት አንድ ምሽት ይበቃል። እኛም ሞላነው። የዚያ ባለ ድንጋይ በር ኮሌጅ የአራት ዓመት ሒሳብ ከቤታችን ዕዳ ጋር ሲተያይ ልጄ ራሷ ዝም አለች። በመጨረሻ የነዋሪ ክፍያ ወደሚያስከፍለው የራሳችን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በ2021 ተመረቀች። በሩ የድንጋይ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ፎቶውን ይነሱ፤ ደስታ ነው። ነገር ግን ለዘመድ ከመላኩ በፊት ሒሳቡ ይሠራ፤ ሲላክም «ለጉብኝት ነው» የምትል አንዲት መስመር ትጨመርበት።

እኔም ያን ቀን ለእትዬ የቀይዋን መርሴዲስ ነገር ከ27 ዓመት በኋላ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እማዬ እኮ እስክትሞት ‹ልጄ መኪናውን ሸጦት ይሆን?› እያለች ትጨነቅ ነበር» አሉኝ።