ሰንጠረዡ የሚዋሸው መቼ ነው?

ከወልድያ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ መርሳ ሳይደረስ ሲሪንቃ አለች። አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ኳስ ግን እንደ የትኛውም ከተማ እዚያም ይታያል፤ ክርክሩም አይጠፋም። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይሟገትና በመጨረሻ አንዱ ብድግ ብሎ «ሰንጠረዡን እየው!» ሲል ወሬው ይዘጋል። ሰንጠረዥ አይዋሽም ይባላላ!

እውነት አይዋሽም?

ቃሉ ራሱ ወደ ሌላ ጨዋታ ይወስዳል። በአማርኛ ሰንጠረዥ የደረጃ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የቼዝም ስም ነው። ጨዋታው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ከየጁ ገዥዎች የመጨረሻው ከነበሩት ከራስ አሊ ጋር እ.ኤ.አ በ1849 ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም የሐበሻን ሰንጠረዥ አጨዋወት በመጽሐፉ አስፍሯል። ወልድያና ሀብሩ ደግሞ ያው የየጁ አገር ናቸው። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ስሙም «ወረራ» ነው።

ዓለም አሁን የሚጫወተው ቼዝ ግን በተራ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁ ውድድሩ ከኳስ ሊግ ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ስምንት ተጫዋች፣ 14 ዙር

ውድድሩ ካንዲዴትስ ይባላል። የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ሰው የሚለየው እዚህ ነው። ስምንት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ደርሶ መልስ ይጫወታል። ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ነጭ ጠጠር የያዘ ቀድሞ ስለሚጀምር ትንሽ ብልጫ አለው፤ በኳስ ቋንቋ ሜዳው ላይ እንደ መጫወት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ተጋጣሚውን አንድ ጊዜ በነጭ፣ አንድ ጊዜ በጥቁር ይገጥመዋል።

እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2024 ቶሮንቶ ላይ የተደረገውን ብቻ ማየት ይበቃል። የ17 ዓመቱ ህንዳዊ ጉኬሽ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም 7ኛ በወጣው በፊሩዥያ። መጨረሻ ከወጣው ከአባሶቭ ግን ሁለቱንም ጨዋታ ወስዷል። በመጨረሻው ዙር ከናካሙራ ጋር አቻ ወጣ፣ ካሩዋናና ኔፖምኒያሺም ነጥብ ተጋሩ፤ ጉኬሽ በ9 ነጥብ አንደኛ ሆነ። ሦስቱ ተከታዮቹ እኩል 8.5 ነበራቸው። ልዩነቷ ግማሽ ነጥብ ናት! በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው በዚህች ግማሽ ነጥብ ነው።

የሊግ ጣዕሙ እዚህ ጋ ነው። ዋንጫው የሚወሰነው በትልልቆቹ ፍልሚያ ብቻ አይደለም፤ ከግርጌ ያሉትም እጃቸው አለበት። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል።

የኩራሳኦ ጉድ

እ.ኤ.አ በ1962 በኩራሳኦ ደሴት በተደረገው ካንዲዴትስ ሦስት የሶቭየት ተጫዋቾች፣ ፔትሮስያን፣ ኬረስ እና ጌለር፣ እርስ በርስ 12 ጨዋታ አደረጉ። አስራ ሁለቱም አቻ! ያውም ብዙዎቹ በአጭሩ የተቋጩ ነበሩ። እርስ በርስ ጉልበታቸውን ቆጥበው ሌላውን ሲገጥሙ ትኩስ ነበሩ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር 4ኛ ወጣና ሩሲያውያን ተመሳጥረዋል ብሎ በመጽሔት ላይ አፈነዳው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽንም የዙሩን ውድድር ትቶ ወደ ጥሎ ማለፍ ፍልሚያ ዞረ።

የኳስ ሰው ይህን ታሪክ በሌላ ስም ያውቀዋል፦ ሂኾን። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመን ኦስትሪያን በ10ኛው ደቂቃ ጎል 1ለ0 ስትመራ ውጤቱ ሁለቱንም የሚያሳልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ኳሷን ሲያንሸራሽሩ አመሹ፤ ጨዋታዋን አንድ ቀን ቀደም ብላ የጨረሰችው አልጄሪያ ተሰናበተች። ከ1986 ወዲህ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚጀመሩት ለዚህ ነው።

ቼዝም ከአስርተ ዓመታት በኋላ ወደ ዙሩ ሲመለስ ባዶ እጁን አልተመለሰም። የአንድ አገር ተጫዋቾች በየዙሩ መጀመሪያ ላይ እንዲገናኙ ተደረገ፤ ሰንጠረዡ ቅርጽ ሳይዝ ማን ለማን መልቀቅ እንዳለበት አይታወቅማ። እ.ኤ.አ በ2013 ለንደን ላይ የሆነውም ለዙሩ ክብር የሚሰጥ ነው። ካርልሰንና ክራምኒክ እኩል ነጥብ ይዘው የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ፤ ሁለቱም ተሸነፉ! ክራምኒክን የጣለው ኢቫንቹክ ነበር፤ በውድድሩ ሰዓት እያለቀበት ደጋግሞ የተሸነፈ፣ ከዋንጫው ፉክክር ከወጣ የቆየ ሰው። ያው ኢቫንቹክ ቀደም ሲል ካርልሰንንም አሸንፎ ነበር። ለማንም አላዳላም ማለት ነው። ሁለቱ እኩል 8.5 ይዘው ጨረሱና ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው ካርልሰን አለፈ። ሕጉ ቀድሞ ተጽፎ ስለነበር የሚያከራክር ነገር አልነበረም።

ሊጉ መሐል ላይ ሲቆም

ሌላው ፈተና የመጣው በኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም ካንዲዴትስ የሩሲያዋ የካተሪንበርግ ላይ ነበር። አዘርባጃናዊው ራጃቦቭ «በዚህ ወረርሽኝ አልጫወትም» ብሎ ሲቀር በምትኩ ፈረንሳዊው ቫሺዬ ላግራቭ ተጠራ። የሚገርመው ተተኪው ሰው በ7ኛው ዙር ኔፖምኒያሺን አሸንፎ በ4.5 ነጥብ እኩል ከላይ ተቀመጠ። በዚያው ሩሲያ በረራ ልትዘጋ ስትል ውድድሩ ቆመ። ነጥቡ ግን አልተሰረዘም። ከአንድ ዓመት በላይ ተጠብቆ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም ሰባቱ ዙር ከቆመበት ቀጠለ፤ ኔፖምኒያሺ አሸነፈ። ራጃቦቭም ለ2022ቱ ውድድር ቀጥታ ቦታ ተሰጠው። ፌዴሬሽኑ የበደለውን ሰው ካሰ ማለት ነው።

በዚያው መጋቢት የእኛም ፕሪምየር ሊግ ቆመ። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም። ከግማሽ በላይ የተጓዘ ሰንጠረዥ እንዳልነበረ ሆነ። በእርግጥ ስምንት ሰው ዓመት ማስጠበቅና 16 ክለብ ማስጠበቅ አንድ አይደለም። የክለብ ተጫዋች ውሉ ያልቃል፣ ደሞዝ ይቆማል። ስለዚህ «ለምን ተሰረዘ?» ከሚለው ይልቅ «ቢቋረጥ ምን ይደረግ የሚለው ውድድሩ ሳይጀመር ተጽፎ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል።

ሜዳው የማን ነው?

በ2013 ዓ.ም ሊጉ ሲመለስ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን አነሳ። ውድድሩ ግን በአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር። ሦስቱ የትግራይ ክለቦችም በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። ለቴሌቪዥን ስርጭትና ለጤና ጥንቃቄ አማራጩ ይገባል። ከደርሶ መልስ ትርጉም አንፃር ግን ነጭና ጥቁሩ የጠፋበት ቼዝ ነው፤ አብዛኛው ክለብ ሜዳዬ የሚለው የለውም፣ አስተናጋጁ ከተማ ክለብ ካለው ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ነጩን ብቻውን ይይዛል።

የሰሜን ወሎ ደጋፊ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የወልድያው ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ጥር 2009 ዓ.ም ሲመረቅ ወልድያ በፕሪምየር ሊጉ ነበር። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ወረደ። ያን ጊዜ ከሲሪንቃም ከመርሳም ተሳፍሮ ወልድያ ድረስ ሄዶ ትልቅ ክለብ ማየት ይቻል ነበር። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ሲካሄድ ግን ክለብ ቢያልፍም ደጋፊው እቤቱ የሚጠብቀው ቴሌቪዥን ነው።

እንግዲህ ሰንጠረዥ የሚዋሸው ዙሩ ሳይሞላ፣ ሜዳው እኩል ሳይከፈል ወይም የመጨረሻው ጨዋታ ሲለቀቅ ነው። የቼዝ ሰዎች ይህን ያወቁት ከእኛ ጨዋ ስለሆኑ አይደለም፤ ኩራሳኦ ላይ ስለተዋረዱ ነው። ቅሌቱን ሕግ አደረጉት። የእኛ ሊግም ከተሰረዘው ዓመት ቢያንስ አንድ አንቀጽ ሊያተርፍ ይገባል። አለበለዚያ ሲሪንቃ ላይ ክርክር ከሮ «ሰንጠረዡን እየው!» ሲባል፣ «የትኛውን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።