የትንኝ ዕድሜ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ለቆ ቆላው ሲቀበለው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ወባ ነው። ለመሆኑ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ሰቆጣ ወባ እንደ ቆላው የማይበረታው ስለ ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንኚቱ ከሕመምተኛ ደም ጋር የጠጣችው የወባ ተሐዋሲ በውስጧ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ በሞቃት አገር እንኳ ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ብርድ ሲሆን ጊዜው እጅግ ይረዝማል፤ ትንኚቱም ብዙውን ጊዜ ሳታስተላልፈው ትሞታለች። እንግዲህ የተሐዋሲው እድገትና የትንኚቱ ዕድሜ ይሽቀዳደማሉ ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መፀው ዝናቡ በዝቶ ሙቀቱም ከፍ ቢል፥ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ይገመታል።

ታዲያ የትንኚቱን ዕድሜ ማሳጠር ይቻል ይሆን? በሰውነት ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ቅመሞች አሉ፤ አንደኛው ሴሮቶኒን ይባላል። ወደ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ የሚረከበው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ከሌለ ከደጅ እንደሚቀር ሁሉ፥ ቅመሙም «ተቀባይ» ካላገኘ መልእክቱ ከንቱ ነው። ተቀባዩን የሚያሠራው በዘር የሚወረስ ትእዛዝ ጂን ይባላል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሪቨርሳይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሴሮቶኒን ተቀባዮች የአንዱን ጂን ቢያበላሹት፥ የትንኚቱ እድገት ዘገየ፥ አካሏ አነሰ፥ ዕድሜዋም አጠረ።

ጠባይዋም በዚሁ መንገድ ይገዛል። በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ምርመራ፥ ትንኝ አንድን ሽታ ስታሸት እጅ እንደሚመታት ያለ ንዝረት ቢደርስባት፥ ያን ሽታ ለይታ በማግስቱ ትሸሸው ጀመር። ዶፓሚን የተባለው ቅመም ተቀባይ የታገደባት ግን ይህን መማር አልቻለችም።

ሁለቱም ምርመራዎች የተደረጉት ግን የዴንጊን ትኩሳት በምታስተላልፈው ትንኝ ላይ ነው፤ ይህ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ታይቷል። የተከዜዋ የወባ ትንኝ ዘሯ ሌላ ስለ ሆነ፥ የአንዷ ነገር ለሌላይቱ እንደሚሠራ ገና በሥራ መታየት አለበት።

ስለዚህ ብርዱ ለሰቆጣ የሚያደርገውን ለቆላው የሚያደርግለት ጥበብ እስኪገኝ ድረስ፥ ለሥራ ወደ አበርገሌ የምትወርዱ ሁሉ አጎበራችሁን አትርሱ። ተመልሳችሁም ትኩሳት ቢሰማችሁ፥ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ ሳትተዉት ደማችሁን አስመርምሩ።